ቆርቆሮ የለበሰችው ጎጆ

እስካቫተሩ የግቢውን አጥር በአንድ ግፊያ አንስቶ፣ የፈረሰውን የመሪጌታን ቤት ድንጋይ ወደ ዳር ጠርጎ፣ መሀል ላይ ወደቀረችው ጎጆ ሲዞር እናኑ እፎይ አለች። የጎጆዋ በር ዝግ ነው። አባ ኪዳነ ማርያም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁባት ድንጋይ ባዶዋን ነች፤ መቋሚያቸውም ከግድግዳው ላይ የለም። «ገብቷቸው ሄደዋል» አለች በሆዷ። ዓመት ሙሉ ከአፏ አልወጣ ያለው ነገር ሳይነገር በማለቁ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷ ደግሞ አፈረች።

የግቢው ጎረቤት እጅጋየሁ በአጥሩ ፍራሽ ላይ ተሻግራ ስትመጣ ያየቻት በዚህ መሀል ነው። አንድ ጆግ ውኃ በሁለት እጇ ይዛለች። ያንን የሚያጓራ ማሽን ከምንም ሳትቆጥር በፊቱ አልፋ ወደ ጎጆዋ ሄደች። ክንዱ የሚባለው ኦፕሬተር የማሽኑን አካፋ አየር ላይ አንጠልጥሎ ሞተሩን ቀነሰ፤ አንገቱንም በመስኮት አወጣ።

«እቴ፣ ሕይወት አይጥምሽም?» አላት።

እጅጋየሁ ጎንበስ ብላ የጆጉን ውኃ ከበሩ ሥር ባለው የሸክላ እንስራ ላይ ገለበጠች።

እናኑ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ደረሰች። «እጅጋየሁ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውኃቸውን ላስቀምጥ ነዋ።»

«የማንን?»

እጅጋየሁ ቀና ብላ አየቻት፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ምነው፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ ያስገባሻቸው? ዝግ ሱባኤ ይዘዋል እኮ። ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት ውኃቸውን ከሚያስገቡበት በቀር ይህ በር አልተከፈተም። ‹እናኑ ቤት ልትጀምር ነው፣ ጸልዩልኝ ብላኛለች› ብለው ነው የገቡት። እኔማ ማሽን ስትጎትቺ ባይ ጊዜ ዳሩን ዳሩን ልታስጠርጊ መስሎኝ።»

እናኑ የአባ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጆሮዋን ብታዘነብል፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ፣ እንደ ንብ እምም የሚል የዳዊት ድምፅ ተሰማት። ያ ሁሉ ማሽን በራፋቸው ድረስ ሲያጓራ አባ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡም ነበር።

ሰውአገኝ መጣ። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ትክል ድንጋይ ከተማ እህል የሚነግድ፣ ድምፁ ሁልጊዜ ገበያ መሀል እንደቆመ ሰው የሆነ። ሌሊት ተነሥቶ በመጀመሪያው መኪና ወርዷል። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የቤቱን ፕላን ጠቅልሎ ይዟል።

«ምንድነው? ምን ቆመ?»

«አባ ውስጥ ናቸው» አለች እናኑ።

«ይውጡዋ። ዕቃቸውን እኔ እሸከምላቸዋለሁ።»

«ዝግ ሱባኤ ላይ ናቸው አያ።»

ሰውአገኝ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ነበር፤ ነጋዴ ሆኖ ብዙውን ቢረሳም ይህንን አልረሳም። ዝግ ሱባኤ የያዘ መነኩሴ እስከ ሰባተኛው ቀን ጥሬና ውኃ ቀምሶ፣ ከሰው ሳይነጋገር፣ ከደጁ ሳይወጣ ነው የሚጸልየው። መሀል ላይ ከወጣ የደከመው ድካም ሁሉ ፈረሰ።

«ማነው በዚህ ጊዜ ሱባኤ ያስገባቸው?» አለ ቀስ ብሎ።

እናኑ መሬት መሬቱን አየች። «እኔ ነኝ።»

የዚህ ነገር ሥሩ ሩቅ ነው። ግቢው የአባታቸው የመሪጌታ ነበር። በጎንደር ዳርቻ፣ ከደብሩ ቁልቁል፣ ድሮ ጎጆ በጎጆ የነበረ የተማሪ ሠፈር ነው። ከየአገሩ ቅኔ ፍለጋ የመጣ ተማሪ ሁሉ እዚህ ጎጆ ቀልሶ ተምሮበታል። መሪጌታ ሲሞቱ ተማሪው ተበተነ፤ ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ዋናው ቤትም በአንድ ክረምት ጣሪያውን ጥሎ ፈረሰ። የቀረችው የአባ ኪዳነ ማርያም ጎጆ ብቻ ነች። አባ የመሪጌታ የመጀመሪያ ደቀ መዝሙር ነበሩ። መንኩሰው፣ ገዳም ገብተው፣ እግራቸውን ሲያማቸው ተመልሰው፣ መምህራቸው ደጅ አረፉ። እናኑን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ አባቷንም ገንዘው የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ጎጆዋ ያረፈችው ልክ አዲሱ ቤት የሚወጣበት መሀል ቦታ ላይ ነው።

እናኑና ባሏ አላምረው ፒያሳ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። እሷ ከዚያው ብዙ ሳትርቅ ትንሽ ሱቅ ይዛ የካህናት ካባና ቀሚስ ትሰፋለች፤ እሱ ያስተምራል። አከራያቸው ልጁን ሊድር ነውና በክረምቱ ቤቱን ልቀቁልኝ ብሏቸዋል። የይዞታው ነገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የግንባታ ፈቃዱ አንዴ ተራዝሞላታል። ለሁለተኛ ጊዜ እንደማይራዘም በግልጽ ተነግሯታል። ዓርብ የመሬት መሐንዲሱ መጥቶ ይለካል፤ መሠረት ተጀምሮ ካገኘ ፈቃዱ ይጸናል፣ ካላገኘ ቦታው ለቤት ሠሪ ማኅበር ይመደባል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ለምን በዶማ አልጀመሩትም የሚል ካለ፣ ያንን መሬት አላወቀውም ማለት ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ አለት ይደርቃል፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ አብጦ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ዋልካው ሁሉ በማሽን ወጥቶ በቦታው ገረጋንቲ የሚሉት ጠጠራማ አፈር ካልተሞላ በቀር እዚያ ላይ ቤት መትከል ገንዘብ መቅበር ነው። ዝናቡ ከገባ ወዲያ ደግሞ ማሽን ይሰምጣል። የግንቦት ደመና ከወዲያ ከተራራው ላይ መከመር ከጀመረ ሰንብቷል። ማሽን ፍለጋ ሰውአገኝ ስንት ወር ላይ ታች ብሎ፣ ትናንት ማታ ነው በስንት ልመና ይህንን ያገኘው። ለዛሬ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ማታ ሎቤዱ፣ ማሽን የሚጭነው ረጅም መኪና፣ መጥቶ ጭኖት ወደ እንፍራንዝ ይወስደዋል፤ እዚያ የመንገድ ሥራ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ክረምት ነው።

«እሺ፣ ለሳቸው ምን ብለሽ ነበር የነገርሻቸው?» አለ ሰውአገኝ።

«አያ፣ ምን ልበልህ።»

«ነግሬያቸዋለሁ ብለሽኝ የለ? በስልክ ‹ሸጋ ሆኗል፣ ተስማምተዋል› ብለሽኝ የለ?»

ብላው ነበር። እናኑ ውሸታም ሴት አይደለችም፤ ግን ሰው ፊት መንሳት አይሆንላትም። ይሉኝታ አብሯት ያደገ በሽታ ነው። ዓምና ሰኔ ላይ «አባ፣ ቤት ልንሠራ ነውና ሌላ ማረፊያ እንፈልግልዎ» ልትል መጣች። ባዶ እጄን እንዴት ብላ ቆብ ሰፍታ ያዘች። አባ ቆቡን ተቀብለው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ አባትሽ ይህን ሳያይ ብለው መረቋት። ከዚያ በኋላ ምን ትበል? ቆብ ሰጥታ ተመለሰች። በጥር ደግሞ ማር ይዛ መጣች፤ ማር ሰጥታ ተመለሰች።

የሦስተኛው ጊዜ ግን የባሰ ሆነ። በዐቢይ ጾም መሀል ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ነበር። እናኑ ዛሬስ ዓይኔን በጨው አጥቤ እነግራቸዋለሁ ብላ ስትደርስ፣ አባ መጽሐፋቸውን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ወደ ጥግ ሲያሸሹ አገኘቻቸው። «ሣሩ አርጅቷል ልጄ» አሏት፣ «የኔስ ግድ የለም፣ ብራናው እንዳይበላሽ ነው።» በሳምንቱ እናኑ አናጢ ይዛ መጥታ፣ ለሱቋ በረንዳ ያስቀመጠችውን አዲስ ቆርቆሮ ጎጆዋ ላይ አስመታችው። ልታፈርሳት የመጣችውን ጎጆ ጣሪያ ቀይራላት ሄደች። ያ ቆርቆሮ ይኸው አሁን በረቡዕ ፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ሰውአገኝ ባየው ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጨረሻዋን ሞከረች። «አባ፣ ቤት ልንጀምር ነው፤ በጸሎትዎ ያስቡን» አለቻቸው። በሷ ቤት ይህ ማለት «ይልቀቁልን» ማለት ነበር፤ ከዚህ በላይ የምትችለው ቃል አልነበራትም። አባ ደስ አላቸው። «ሸጋ ነው። የመምህሬ ደጅ ጭስ ሊወጣበት ነዋ። ቤት ሳይጸለይበት አይጀመርም፤ መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት። ወንድሟ በዚያው ሳምንት ማሽን ሊያገኝ እንደሚችል እያወቀች፣ እዚያው አፏን ይሉኝታ አሸነፈውና፣ «ኧረ ገና ነው አባ፣ አይቸኩሉ» አለቻቸው።

እሳቸውም አልቸኮሉም። ሰባት ቀን እንደሚደርስላቸው አስበው ሰኞ ገቡ።

ክንዱ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ጎጆዋን አንዴ ዞሮ አያትና በጣቱ የግድግዳውን ጭቃ ነካ።

«ዙሪያዋን ብቻ ብትቆፍርልን?» አለው ሰውአገኝ። «ጎጆዋን ተዋት፤ ዳር ዳሩን አውጣልን፤ መሀሏን በኋላ በሰው ኃይል እንጨርሰዋለን።»

«ወንድሜ፣ ይህ አፈር ሰባራ ነው፤ አታየውም ስንጥቁን? የቤቱ ማዕዘን ከተባሉት ከአራቱ ችካሎች ከየትኛውም አልፌ ወደ ውስጥ አንዴ ብነክሰው ግድግዳዋን ይዞ ይንሸራተታል። ከውስጥ ሽማግሌ ሰው አለ ነው የምትሉኝ።»

«ከችካሉ ወዲያስ?»

«ከችካሉ ወዲያ ያንተ ቤት አይደለማ፤ የጎረቤት ጓሮ ነው።» ክንዱ ሳቅ ሊል ሞከረና ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ተወው። «እኔ ጎጆ አፍርሼ አላውቅም አልላችሁም። መነኩሴ ያለበት ጎጆ ግን አልነካም፤ እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። ከወጡ በአንድ እፍታ እጨርስላችኋለሁ፤ ካልወጡ ሎቤዱ ይመጣል።»

ሄዶ የማሽኑ ጥላ ሥር ተቀመጠና እንጀራውን ፈታ።

ሰውአገኝ ለደብሩ አለቃ ለመልአከ ፀሐይ አምሐ ደወለ። እናኑም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው፤ ማሽኑን፣ ዓርብን፣ ዝናቡን። አለቃ ረጋ ብለው አዳመጡ።

«ሱባኤ የባለ ሱባኤው ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ይውጡ ብዬ አላዝም፤ በኔ አንደበት አይፈርስም። ደግሞም የእናንተ ችግር እውነት ነው፣ አይውጡ ብዬ አልገዝትም።»

«አባታችን፣ ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ጸልዩ። ልቡናችሁ የፈቀደውን አድርጉ።»

ሰውአገኝ ስልኩን ዘጋው። «አየሽልኝ? ሁሉም ሰው እንዳንቺ ነው። ልቡናችሁ የፈቀደውን! የኔ ልቡና እኮ ጠዋት ነው የፈቀደው።»

እናኑ ዙሪያዋን አየች። አጥሩ ተነሥቷል፤ ግቢው ራቁቱን ቀርቷል። ከዚህ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ወደፊትም ያቺ ጎጆ አለች። ሁለት ክረምት የቆጠበችው፣ የባሏ ደመወዝ፣ የወንድሟ እህል፣ ልጆቿ «የኔ ክፍል የትኛው ነው» እያሉ በፕላኑ ላይ የሚጣሉበት ሁሉ ዛሬ ማታ በሎቤድ ተጭኖ ሊሄድ ነው። መግቢያ መውጫ አጣች። የሚያስለቅሳት ደግሞ ያጠመዳት ማንም ክፉ ሰው አለመኖሩ ነበር፤ የምትወቅሰው ብትፈልግ ራሷን ብቻ አገኘች።

እጅጋየሁ እስካሁን አልሄደችም። የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች አጠገቧ ቆማለች።

«እናኑ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቆይተሽ ከምትሰሚው።»

«ምን?»

«ሰኞ ሲገቡ ዕቃቸውን እኔ ዘንድ ነው ያስቀመጡት። ዳዊታቸውን ብቻ አስቀርተው፣ መጻሕፍቱን፣ ደበሎውን፣ የመምህራቸውን ጽናጽል፣ ሁሉንም ጠቅልለው ሰጡኝ። ‹ሱባኤው ሲፈጸም መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ደብሩ መቃብር ቤት እገባለሁ፤ አንድ ጥግ ለምኛለሁ› አሉኝ።»

እናኑ ቀና አለች። «ይሄዳሉ ማለት ነው?»

«ቀድሞም ያውቁት ነበር እኮ። ዓምና ቆቡን ስታመጪ ነው የገባቸው። ‹ልጅቱ ልትነግረኝ ትመጣለች፣ ከበደባትና እየሰጠችኝ ትሄዳለች› እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም ልንገራት ስላቸው ‹ተይ፣ እንዳታፍርብኝ› አሉ። ቆርቆሮውን የመታሽ ዕለትማ እንባቸው እስኪፈስ ነው የሳቁት። የቸኮሉት ለመሄድ ነበር፤ ግን ቤትሽን ሳይጸልዩበት መውጣት አልሆነላቸውም። ‹ሌላ የምሰጣት የለኝም› አሉኝ።»

እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ዓመት ሙሉ እሷ እሳቸውን ላለማሳዘን ስትዋሽ፣ እሳቸው እሷን ላለማሳፈር አላወቅሁም ሲሉ ኖረዋል። አንዳቸው አንድ ቀን አፍ አውጥተው ቢነጋገሩ ኖሮ አባ ድሮ መቃብር ቤት ገብተው፣ እሷም ዛሬ ገረጋንቲ እያስደፋች ነበር።

ሰውአገኝ ሰምቷል። አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ ድምፁም ለመጀመሪያ ጊዜ የገበያ ድምፅ መሆኑ ቀረ።

«በይ እንግዲህ፣ ሰማሽ። ሰውዬው ራሳቸው ሊሄዱ የቆረጡ ናቸው። አይከፉብሽም። በሩ ላይ ሄደሽ አንድ ቃል ብቻ ተናገሪ። ማሽኑ ዛሬ ነው፣ ነገ የለም በያቸው። ይወጣሉ።»

«እንደሚወጡማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሱ እኮ ነው የጨነቀኝ።»

«እናኑ፣ እኔም እኮ እወዳቸዋለሁ። ግን ልጆችሽን አስቢ። ሱባኤ መቃብር ቤት ሄደውም ይይዙታል፤ መሬት ግን ከሄደ ሄደ። እግዚአብሔር የልብን ያያል።»

የሚለው ሁሉ ትክክል ነው። እናኑም ትክክል መሆኑን አላጣችውም። ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ መስቀለኛ አጣፍታ፣ ከማሽኑ አካፋ ሥር አልፋ ወደ በሩ ሄደች። በሩ የድሮ የዋንዛ በር ነው፤ ሳንቃዎቹ ተራርቀው በመሀላቸው ጣት ያስገባሉ። የብረት ቀለበቱን ያዘችና ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደገፈች። ከውስጥ የዳዊቱ ድምፅ ይፈስሳል።

«አባ» አለች። «እናኑ ነኝ። አይመልሱልኝ፤ ዝም ብለው ይስሙኝ።»

ድምፁ ቀስ ብሎ ቆመ።

«እሑድ ዕለት ‹ገና ነው› ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። ማሽኑ መጥቷል፤ ሲጮኽ ሰምተውታል። ቤቱ የሚወጣው እዚህ ነው አባ፤ እርስዎ የተቀመጡባት ላይ። ቆቡን ያመጣሁ ጊዜ ይህን ልነግርዎ ነበር። ማሩንም ለዚሁ ነው ያመጣሁት። ቆርቆሮውንም አፍሬ ነው እንጂ ጽድቅ ፈልጌ አይደለም። እርስዎ እንደሚያውቁት ሰምቻለሁ፤ ግን ከኔ አፍ አልሰሙትምና ይስሙት። ማሽኑ ማታ ይሄዳል። ዓርብ ካልተቆፈረ ቦታው የኛ አይደለም። እኔ...»

«ይውጡልኝ» የሚለው ቃል ቀርቶ ነበር። እሱ ብቻ አልወጣ አለ። ግን አላስፈለገም።

ከውስጥ ጭንጫው ላይ መቋሚያ ሲያርፍ ሰማች። አጥንት እንደሚያመው ሽማግሌ ቀስ ብሎ የመነሣት ድምፅ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ እግር። አንዲትም ቃል የለም። አባ ሊወጡ ነው፤ እየወጡም ዝምታቸውን አላፈረሱም። በሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ እናኑ ቆቡን አየችው፤ በገዛ እጇ የሰፋችው ቆብ ነው። ከዚያ እጃቸውን አየች። ሦስት ቀን ጥሬ ሽምብራ የቀመሰ እጅ መወርወሪያውን ይዞ ይስባል። ማሽኑ ግድግዳውን ስላነቃነቀው መወርወሪያው ጠብቋል። ይስባሉ፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ይስባሉ። እንጨቱ ቀጭ ይላል።

ከኋላዋ ክንዱ ሞተሩን አስነሣ።

እናኑ ያ ቀጭ የሚል ድምፅ አዲሱ ቤት ውስጥ እንደሚሰማት አወቀች። ምሳ ሲበሉ፣ ልጆቿ ሲስቁ፣ በየዓመት በዓሉ፣ በሳሎኑ መሀል ይህ እጅ መወርወሪያ ሲስብ ትሰማለች። ሰው ሌላ የሚሰጠው ሲያጣ የሚሰጠውን ጸሎት፣ እሷ ከግማሹ ነጥቃ መሠረት ልታወጣበት ነው።

መወርወሪያው ግማሽ ድረስ ወጣ። በሩ ወደ ውስጥ ሊሳብ ሲል እናኑ ቀለበቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ራሷ ያዘችው።

«አይውጡ አባ» አለች። «አይውጡ። ይጨርሱ።»

ከውስጥ ይሳባል፤ ከውጭ እግሯን ተክላ ትይዛለች። ሽማግሌው ብዙ ኃይል አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ቶሎ አልተዉም። እንድታስገድዳቸው የፈለጉ ይመስል ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ቆሙ። በስንጥቁ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማታል፤ የእሷም ይሰማቸዋል። ብዙ ከቆዩ በኋላ መወርወሪያው ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰውአገኝ እየሮጠ ደረሰ። «ምን እያደረግሽ ነው? ሊወጡ አልነበረም እንዴ?»

«ሊወጡ ነበር። ያዝኩት።»

«ያዝሽው?»

«ክንዱን ወደ እንፍራንዙ ይሂድ በለው አያ። ዋጋውን ይያዝ፤ እንጀራውን የበላው በኛ ቀን ነው።»

«ዓርብስ? እናኑ፣ ዓርብስ?»

«ዓርብ መሐንዲሱ ሲመጣ የተጀመረ ነገር ያገኛል።»

«በምን? ይህን ዋልካ በዶማ? አንድ ክንድ ሳትወርጂ ነው እጅሽ የሚላጠው! እሺ ይሁን፣ ቢቀበልሽስ ክረምት ይመጣል፤ መሠረትሽ ውስጥ እንቁራሪት ነው የሚያድርበት።»

«ይሆናል።»

«ይሆናል ነው የምትይኝ?»

«አላውቅም አያ። ባውቅ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

ሰውአገኝ የያዘውን ፕላን መሬት ላይ ሊጥል ቃጣና ተወው። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ማሽኑ ሄደ፤ ከክንዱ ጋር ምን እንደተባባሉ በሞተሩ ጩኸት አልተሰማም። ትንሽ ቆይቶ አካፋው ታጥፎ ወረደ፤ ማሽኑም በራሱ ጥላ ላይ ዞሮ ወደ መንገዱ መንፏቀቅ ጀመረ። ሰውአገኝ የአባቱ ቤት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሄድ ያየዋል። እህቱን አላያትም፤ ለብዙ ቀንም የሚያያት አይመስልም።

እጅጋየሁ ከቤቷ ዶማ ይዛላት መጣች። በእጀታው በኩል አቀበለቻት።

እናኑ ጎጆዋን በዓይኗ ለካች። አራቱን ችካሎች አንድ በአንድ አየችና ከጎጆዋ በጣም የራቀውን መረጠች፤ ከግቢው በታች ባለው ወንዝ በኩል ያለውን፣ ለልጆቿ ክፍል የተባለውን ማዕዘን። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ዶማውን አንሥታ መሬቱን መታችው፤ ድንጋይ የነካ ይመስል ተመልሶ እጇን ነዘራት። ከአፈሩ የተነሣው የጥፍር ያህል ነው።

ቆም ብላ አዳመጠች። ከቆርቆሮው ሥር የዳዊቱ ድምፅ እንደገና ጀምሯል።

እንዳትረብሻቸው ብላ ሁለተኛውን ቀስ አድርጋ አሳረፈችው።